«አጥፍቼዋለሁ እኮ!»

የእኛ ክፍል የማስተርስ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ጉዳይ ያግዛል። አንዲት የጤና ተማሪ መመረቂያ ጽሑፏን በላቴክ (የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) እየጻፈች፣ በጊት (የፋይሎችን ለውጥ መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) እየመዘገበች፣ ከአማካሪዋ ጋር በጊትሃብ (የጊት ሥራ በኢንተርኔት በሚጋራበት ድረ ገጽ) ትሠራ ነበር። ጎበዝ ናት። አንድ ምዕራፍ በነካች ቁጥር ምን እንደቀየረች ጽፋ ኮሚት ታደርጋለች፤ ማለትም የዚያን ሰዓቱን ቅጂ ጊት ላይ ትመዘግባለች። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚባል ጣጣ እሷ ጋ የለም።

ከዲፌንሷ በፊት የውጭ ፈታኙም ሪፖው (ፋይሎቹ ከነታሪካቸው ያሉበት ማከማቻ) ውስጥ ሊገቡ ሆነ። እስቲ እንፈትሸው ብለን አብረን ተቀመጥን። የለውጥ ታሪኩን ወደ ታች ስወርድ መጀመሪያ አካባቢ አንድ የሲኤስቪ (የሰንጠረዥ መረጃ) ፋይል አየሁ።

«እሱንማ አጥፍቼዋለሁ እኮ!» አለች።

እውነቷን ነው፤ ፎልደሩ ውስጥ የለም። የድሮውን ኮሚት ስከፍተው ግን ሰንጠረዡ ተዘረገፈ፦ የታካሚዎች ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የምርመራ ውጤት። ክው አለች። እኔም ደነገጥኩ። እነዚህ ሰዎች ስማችሁ አይወጣም ተብለው ነው የፈረሙት።

ጊት ላይ ዛሬ ያጠፉት ፋይል ከዛሬው ቅጂ ብቻ ነው የሚወጣው። የትናንቱ ኮሚት እንደያዘው ይቆያል። የጠፋ አንቀጽ መልሰን የምናገኘውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እያንዳንዱ ኮሚት ደግሞ ከቀደመው ጋር በሐሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ በሚወጣ መለያ) የተያያዘ ስለሆነ፣ ከመሀል አንዱን ሲነኩ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ መለያው ይቀየራል።

ታሪኩ ሲቀየር ያልተላከ ሥራ ከአዲሱ ጋር ስለማይገጥም ለአማካሪዋ ደወለች። «ዶክተር፣ ያልላኩት ለውጥ ካለ አሁኑኑ ፑሽ ያድርጉልኝ።» ነበራቸው፤ ላኩት። ከዚያ በጊት ፊልተር ሪፖ (የጊትን ታሪክ እንደገና በሚጽፍ መሣሪያ) ፋይሉን ከታሪኩ ሁሉ አውጥተን ፎርስ ፑሽ አደረግን፤ ማለትም ጊትሃብ ላይ ያለውን የድሮ ታሪክ በአዲሱ በግድ ተካነው። ዶክተሩም የድሮውን ፎልደር አጥፍተው እንደ አዲስ ክሎን አደረጉ፤ ማለትም ሙሉ ቅጂውን ከጊትሃብ አወረዱ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአሮጌው ቅጂ አንዴ መርጅ ተደርጎ (ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ) ፑሽ ቢደረግ ያ ሁሉ ስም ተመልሶ ይመጣል። ጊትሃብ ሰርቨር ላይ የቀረውን ቅጂ እንዲያጠፉልን ለድጋፍ ክፍላቸው ጻፍን።

ጥሬ መረጃው አሁን በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዲስክ ላይ ነው። ለትንተናው በስም ፈንታ ኮድ ገብቷል። የዳታ ፎልደሩንም ጊትኢግኖር (ጊት እንዳይመዘግባቸው የምንፈልጋቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ጻፍነው። ይሄ ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር! አንዴ የተመዘገበን ፋይል ጊትኢግኖር አያስቆመውም። ፈታኙ የተጋበዙት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።