የድረ ገጽን ኮድ ስናጸዳ ከየት እንጀምር?

ድረ ገጻቸው በጉግል ፍለጋ ወደ ፊት እንዲመጣላቸው የሚሹ ሰዎች በአብዛኛው የሚደክሙት ጽሑፋቸው ውስጥ ቁልፍ ቃላትን ለመጨመር ነው። እኔ ግን ጽሑፉን የተሸከመው ኮድ አስቀድሞ መታየት አለበት እላለሁ፤ የፍለጋ ሞተሩ ርዕሱን፣ ሊንኮቹንና ምስሎቹን የሚለየው ገጹ በተጻፈበት የኮድ ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ አማካይነት ነውና።

ይህን ስል ኮዱ ከስሕተት ሁሉ ስለጸዳ ብቻ ገጹ ከፍ ይላል ማለቴ አይደለም። በማረጋገጫ መሣሪያ ሲፈተሽ በርካታ ስሕተት የሚወጣበት ገጽ በፍለጋው ጥሩ ደረጃ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ድካማችን መዋል ያለበት ለዓይን የማያምረውን ኮድ ለማሳመር ሳይሆን ማሽኑን የሚያሳስተውን ለማረም ነው።

ከሁሉ በፊት የምመለከተው ሄድ የተባለውን፣ ስለ ገጹ ለማሽን የሚናገረውን የኮዱን የላይኛ ክፍል ነው። እዚህ እንዲገቡ የተፈቀዱት እንደ ታይትል፣ ሜታ፣ ሊንክ፣ ስክሪፕትና ስታይል ያሉ ጥቂት ኤለመንቶች (የኮዱ መገንቢያ ክፍሎች) ናቸው። ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ የማስታወቂያ ወይም የጎብኚ መቁጠሪያ ኮድ ምስል ወይም አይፍሬም (ሌላ ገጽን በውስጡ የሚያሳይ ሳጥን) ይዞ በመካከላቸው ከገባ፣ ጉግል ሄዱ እዚያው እንዳበቃ ይቆጥርና ከዚያ በታች የተጻፈውን አያነብም። በዚህ ጊዜ ይዘታቸው ከተመሳሰለ ገጾች ዋናው አድራሻ የቱ እንደሆነ የሚናገረው የካኖኒካል ሊንክ በትክክል ተጽፎ ሳለ እንዳልተጻፈ ይሆናል፤ ገጹ በብራውዘር ሲከፈት ግን አንዳች ጉድለት አይታይበትም። ከስሕተቶች ሁሉ ይህን አብዝቼ የምፈራው ባለቤቱ ሳያውቀው ለረጅም ጊዜ ሊጎዳው ስለሚችል ነው። መፍትሔው እንዲህ ያለውን ኮድ ወደ ቦዲ፣ ማለትም ለአንባቢ ወደሚታየው የገጹ ክፍል፣ ማውረድ ነው። ፊደላቱ በፋይሉ የተመዘገቡበትን ስልት የሚገልጸው የዩቲኤፍ 8 መስመርም በፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መገኘት አለበት።

ጉግል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ያስታወቀውን የቁልፍ ቃላት ሜታ (ቁልፍ ቃላት በሄድ ውስጥ የሚዘረዘሩበትን መስመር) ያለ ስጋት ማጥፋት ይቻላል። ገጹ ገና ሲሠራ የተቀመጠ የኖኢንዴክስ ትእዛዝ (ገጹ በፍለጋ ውጤት እንዳይወጣ የሚከለክል) ከተረሳ ግን ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ ቦዲው ስንወርድ ሊንኮች ቀዳሚውን ትኩረት ይሻሉ። ጉግል ወደ ሌላ ገጽ ለመሻገር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚከተለው ሊንክ የሚሠራበትንና አድራሻው ኤችሬፍ በተባለው ቦታ የተጻፈለትን የኤ ኤለመንት ነው፤ ሲጫኑት በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚሠራ አዝራር ለአንባቢው ሊንክ ቢመስልም ማሽኑ ላይከተለው ይችላል። ርዕስ እንዲመስል ፊደሉ የተወፈረ አንቀጽም ወደ እውነተኛ የርዕስ ኤለመንት ቢቀየር ይሻላል። ከጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ጽሑፍ ሲገለበጥ አብረው የሚመጡት የስፓንና የፎንት (የፊደል መልክ) የኮድ ኮተቶች ደረጃን አያወርዱም፤ ቢወገዱ ግን ፋይሉ ይቀላል፣ ቀጣዩ አራሚም አይቸገርም።

በምስሎች ላይ አልት ጽሑፍ (ምስሉን በቃላት የሚገልጽ) ብቻ ሳይሆን ስፋትና ቁመትም መጻፍ ያስፈልጋል፤ ልኩ ያልተነገረው ምስል ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ጉግል ደግሞ ይህን መናወጥ ይለካል፤ በመለኪያው ጥሩ የሚለውም ውጤቱ ከ0.1 ያልበለጠውን ነው። ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይም ይመክራል፤ ስለዚህ ከላይ የሚታየውን ዋና ምስል ዘግይቶ እንዲጫን ማዘዝ ጎጂ ነው።

ከመነካካት በፊት የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ፣ ከዚያም አንዱን ዓይነት ለውጥ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይገባል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ከተቀየረ የጠቀመውን ከጎዳው መለየት አይቻልም። እርማቱ መድረሱን ለማየት ሰርች ኮንሶል በተባለው የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ ውስጥ ባለው የአድራሻ መመርመሪያ ጉግል ያነበበውን ኤችቲኤምኤል ከፍቶ የካኖኒካል መስመሩ በሄድ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ገጹ ዳግም ከተጎበኘ በኋላ መሣሪያው እኛ ያመለከትነውንና ጉግል የመረጠውን ዋና አድራሻ ለየብቻ ያሳያል፤ ሁለቱ ከተለያዩ ይዘታቸው የተመሳሰለ ሌሎች ገጾች መኖራቸውን ወደ መፈተሽ እንሄዳለን።