ቬሲክሏ ከተራገፈች በኋላ የት ትገባለች? ከደሴ፣ የሶስተኛ ወር የነርቭ ጥናቴ

ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ባለፈው እንዳልኳችሁ ማታ ማታ ከኢሻ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል እየተቀመጥኩ የነርቭ ሴልን ነገር ከስሩ እያጠናሁ ነው፣ ይሄው ሶስተኛ ወሬን ያዝኩ። ይሄን ወር ሙሉ የቆየሁት አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፣ ሲናፕስ (አንዱ ነርቭ ሴል ከሌላ ሴል ጋር የሚገናኝበት ቦታ) ጫፍ ላይ ያለችው ቬሲክል፣ ማለትም መልእክት አድራሽ ኬሚካል የያዘችው ትንሽ ከረጢት፣ ኬሚካሏን ካፈሰሰች በኋላ ምን ትሆናለች የሚለው ላይ።

ጥያቄውን ያመጣችው ተማሪዬ ናት። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ለአመታት ሰሌዳ ላይ ስስል ቬሲክሏ ትመጣለች፣ ሜምብሬኑ (የሴሉ ቆዳ) ላይ ትከፈታለች፣ ኒውሮትራንስሚተሩ (ያ ኬሚካል) ይለቀቃል፣ በቃ እዛ ላይ ነበር ማቆመው። እና ልጅቷ «ቲቸር፣ ከረጢቶቹ ካለቁስ?» አለችኝ፣ እኔም «ከሴሉ ዋና አካል ሌላ ይላካል» ብዬ አለፍኩ። ቤት ገብቼ ቁጥሩን ሳሰላው ነው ነገሩ እንደማያስኬድ የገባኝ። ቶሳ ተራራን ስትወጡ እግራችሁን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሴል ዋና አካሉ ያለው አከርካሪ ውስጥ ነው፣ ጫፉ ግን እግር ላይ፣ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። አክሶን (የነርቭ ሴሉ ረጅም ክር) ውስጥ በጣም ፈጣን የሚባለው ማጓጓዣ በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ነው ሚጓዘው፣ ስለዚህ አዲስ ቬሲክል እስክትደርስ ሁለት ቀን ተኩል! ነርቩ ደግሞ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ነው ሚተኩሰው። ስለዚህ እዛው ጫፉ ላይ ተመልሳ መሰራትና መሞላት አለባት፣ ሌላ መንገድ የለም። በማግስቱ ልጅቷን ጠርቼ የነገርኩሽ ልክ አልነበረም አልኳት።

ያደግኩት እህል ከሚነግድ አባት ጋ ነው፣ ገበያው ሲበተን የኔ ስራ ጆንያ ነበር። ገልብጦ ማራገፍ፣ የተቀደደውን በሲባጎ መስፋት፣ የጤፉን ከማሽላው መለየት፣ ካልተለየ የነገው እህል ይደባለቃል። ይሄን ሳነብ የመጣልኝ እሱ ነው፣ ግን ቬሲክል ከጆንያ አንድ የሚያከብዳት ነገር አላት፣ ስትከፈት ቆዳዋ ከሴሉ ሜምብሬን ጋር ይቀላቀላል፣ ማለትም ጆንያው ራሱ ግድግዳ ይሆናል። እና ከዛ ግድግዳ ውስጥ የራሷን ፕሮቲኖች ለቅሞ መልሶ 40 ናኖሜትር አካባቢ የምትሆን ከረጢት መስራት ነው ስራው።

ወደ ፕሮቲኖቹ ስንመጣ፣ ቬሲክሏ ላይ ያለው ሲናፕቶብሬቪን ሴሉ ሜምብሬን ላይ ካሉት ሲንታክሲንና ስናፕ-25 ጋር እንደ ገመድ ተገምዶ ነው ሁለቱን ቆዳ የሚያጣብቀው። ከዛ በኋላ እንደተገመዱ ከቀሩ ሁለተኛ አይሰሩም፣ ስለዚህ ኤንኤስኤፍ የሚባል ፕሮቲን ኤቲፒ (የሴሉን ነዳጅ) እያቃጠለ ይፈታቸዋል፣ ሲናፕቶብሬቪን ወደ አዲሷ ቬሲክል ይመለሳል፣ ሁለቱ እዛው ይቀራሉ። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው መርዝ የሚቆርጠው ይሄንኑ ሲናፕቶብሬቪንን ነው፣ ጡንቻን አረፍ በል ከሚሉት ነርቮች ውስጥ ገብቶ። ይሄን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነገር ተማሪዎቹን የያዛቸው ያኔ ነው።

መልሶ በመስራቱ ላይ ክላትሪን የሚባለው አለ፣ ሶስት እግር ያለው ፕሮቲን ነው፣ እግር ከእግር እየተያያዘ ከውጭ እንደ ቅርጫት ይከባል፣ ቅርጫቱም ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች አሉት። አንዱ ልጅ ያረጀ ኳስ ይዞ መጣ፣ ቆጠርነው፣ ጥቁሩ 12 ባለ አምስት ጎን፣ ነጩ 20 ባለ ስድስት። ባለ ስድስቱ ብቻ ቢሆን ጠፍጣፋ ነው ሚሆነው፣ ክብ የሚያደርገው ባለ አምስቱ ነው። ልጆቹ ወረቀት ቆርጠው ሞክረው በእጃቸው አዩት።

ከዛ አዲሷን ከረጢት ከሜምብሬኑ ጋር ያያያዛትን አንገት የሚቆርጠው ዳይናሚን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ እዚህ ላይ ነው እኔ እንቅልፍ ያጣሁት። ሺቢሬ የምትባል የፍራፍሬ ዝንብ ዘር አለች፣ ስሙን ሳይ ደንገጥ አልኩ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ሽብሬ ናት እኮ፣ ያ ግን ጃፓንኛ ነው፣ መደንዘዝ ማለት ነው። ዳይናሚኗ ሙቀት አይችልም፣ ወደ 29 ዲግሪ ሲደርስ ዝንቧ ሽባ ሆና ትወድቃለች፣ ሲቀዘቅዝላት በደቂቃዎች ውስጥ ተነስታ ትበራለች። ደሴ ላይ ደህና የሆነች ዝንብ በቀትር ባቲ ወርዳ ትወድቃለች፣ መልሳችሁ ብታመጧት ትነሳለች እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሳካና ኢኬዳ የሚባሉ ተመራማሪዎች በወደቁት ዝንቦች ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ሲናፕሱ ቬሲክል አልቆበታል፣ ሜምብሬኑ ላይ ደግሞ አንገታቸው ያልተቆረጠ ጎድጓዶች ተንጠልጥለዋል። የተማሪዬ ጥያቄ መልስ እኮ ነው ይሄ፣ ካለቁ ዝንቧ ትወድቃለች።

ሙቀት ደግሞ ሌላም ቦታ መጣብኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሂውዘርና ሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ነርቭ ላይ ቬሲክል ሙሉ በሙሉ ተቀላቅላ በክላትሪን ተመልሳ ትሰራለች አሉ፣ በዛው አመት እነ ቼካሬሊ ደግሞ እዛው እንቁራሪት ላይ የለም፣ ትንሽ ቀዳዳ ከፍታ አፍስሳ መልሳ ትዘጋለች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ነርቩን በፍጥነት ነበር የሚያነቃቁት፣ ሁለተኛዎቹ በዝግታ። እ.ኤ.አ. በ2013 እነ ዋታናቤና ዮርገንሰን የአይጥ ነርቭ ሴልን በብርሃን አነቃቅተው ወዲያው በቅጽበት ወደ በረዶነት በመቀየር ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚመለስ ሶስተኛ መንገድ አገኙ፣ ክላትሪን ሰከንዶች ነው ሚፈጅበት። እና ይሄ ፈጣኑ መንገድ በሰውነት ሙቀት አካባቢ ይሰራል፣ በ22 ዲግሪ ግን አይሰራም፣ ያኔ ክላትሪኑ ይተካዋል። ሙከራው የተሰራበት ክፍል ሙቀት መልሱን ሲቀይረው አያችሁ? ከዚህ በኋላ የትኛውንም ሙከራ ሳነብ መጀመሪያ ማየው ስንት ዲግሪ ላይ ተሰራ የሚለውን ነው።

መሙላቱ ቀላል ነው፣ ቬሲክሏ ላይ ያለ ፓምፕ ኤቲፒ እያቃጠለ ፕሮቶን ያስገባል፣ ፕሮቶኑ ሲወጣ ኒውሮትራንስሚተሩ ይገባል።

ትናንት ደግሞ ያቺው ልጅ «ፕሮቲኖቹ ሲያረጁስ ቲቸር?» አለችኝ። አሁን የያዝኩት እሱን ነው። ያረጀው ጫፉ ላይ በሌላ ትልቅ ከረጢት ይጠቀለልና ያንን 1 ሜትር ወደኋላ፣ ወደ ሴሉ አካል ይጓዛል፣ መንገድ ላይ እየኮመጠጠ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፣ እዛ ሲደርስ ይፈጫል። ዛሬ ማታ ስዕሉን ጨርሼ ነገ አሳያታለሁ።