ከዛክሰንሃውዘን በፊት ያለው ግድግዳ

ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለችው ኦራኒየንቡርግ ጎብኚ ይዤ ስወጣ የሥራ ትእዛዙ አጭር ነው፦ ዛክሰንሃውዘንን አሳይቶ መመለስ። እ.ኤ.አ. በ1936 ተከፍቶ እስከ 1945 ድረስ 200,000 ያህል እስረኞች የታጎሩበት የናዚ ካምፕ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለእርሱ ነው። ከእርሱ የሚቀድመው እስር ቤት ግን ከተማው መሀል፣ በርሊነር ሽትራሰ በተባለው ጎዳና ላይ ባለ አሮጌ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እርሱን አውቶቡሱ ሳይቆም በድምፅ ማጉያ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን።

ከአዲስ አበባ ከመጡ እንግዶች ጋር የሄድኩ ዕለት ግን አንድ ጡረተኛ መምህር ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ቢራ ፋብሪካ ነው ያልከው? አስቁምልኝ ልጄ፣ ልየው።”

ሾፌሩ የጊዜ ሰሌዳ ሲነካበት ፊቱ ይቀላል። ቢሆንም ሽማግሌ ቆመው እያየ ዝም ብሎ መንዳት አልሆነለትም፤ ጥግ ይዞ አቆመ።

የሚታየው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሕንፃ ጠፍቶ የግድግዳ ቅሪትና የመታሰቢያ ጽሑፍ ቀርቷል። ሥራዬ ነውና ተረኩ፦ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መጋቢት 1933፣ ኤስ ኤ የሚባሉት የናዚ ፓርቲ ቡናማ ሸሚዝ ለባሽ ታጣቂዎች ቢራ መጥመቅ ባቆመው በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ተቃዋሚዎቻቸውን ማጎር ጀመሩ። ካምፑ በሐምሌ 1934 እስኪዘጋ ድረስ 3,000 ገደማ ሰዎች ታስረውበታል። ገጣሚው ኤሪሽ ሚውዛም ሐምሌ 1934 እዚህ ተገደለ፤ ገዳዮቹ ራሱን ሰቀለ አሉ። የፓርላማ አባል የነበረው ጌርሃርት ዜገር አምልጦ ፕራግ ገብቶ ያየውን ቢጽፍ፣ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን አሰሩበት።

መምህሩ ከዚህ ሁሉ የያዙት ሌላ ነገር ነበር።

“ይኼ መንገድ ያኔም ሰው ይሄድበት ነበር?”

“አዎ ጋሼ። እስረኞቹንም ለጉልበት ሥራ ከተማው ውስጥ ያወጧቸው ነበር። የአካባቢው ጋዜጣም ስለ ካምፑ ይጽፍ ነበር።”

“በእኛ አቆጣጠር በ1970 የእኛ ቀበሌ እስር ቤት ከቤቴ ሁለት አጥር ነበር የሚርቀው” አሉ። “ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍ እናደርግ ነበር። ሙዚቃ አምሮን አልነበረም።”

ከእንግዶቹ አንዷ ወጣት “ታዲያ ጋሼ ምን ማድረግ ትችሉ ነበር?” አለቻቸው፤ ለእርሳቸው አዝና ይመስለኛል።

“ምንም። ግን አልሰማሁም አልልም።”

ክርክሩ አውቶቡስ ውስጥም ቀጠለ፤ ዛክሰንሃውዘን በር ላይ ስንደርስ አልበረደም። ሌላ ጊዜ ጎብኚዎች እዚያ ስለ ጥበቃ ማማውና ስለ አጥሩ ነው የሚጠይቁኝ። የዚያን ዕለት ጥያቄው ከአጥሩ ውጭ ስላሉት ቤቶች ሆነ፦ ማን ይኖርባቸው ነበር? ዳቦውን ማን ያቀርብ ነበር? በእኔ አስተያየት ካምፑን ለማየት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ግዙፉን ብቻ ያየ ሰው ነገሩ ሁሉ ከሰው ዓይን ርቆ የተሠራ ይመስለዋል።

ዘግይተን ስንመለስ አለቃዬ ተቆጣ። እንግዶች የሚከፍሉት ለዛክሰንሃውዘን እንጂ ለግድግዳ አይደለም አለ። የእንግዶቹን አስተያየት መስጫ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ግማሾቹ የጻፉት ስለ ግድግዳው ነበር። አንብቦ ሩብ ሰዓት ፈቀደልኝ፤ ከምሳ ሰዓት ተቀንሶ። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ማቆሚያ ቦታ የለም እያለ ያማርራል፤ እውነቱን ነው።