ቴስተሩ ያላየው ሺልድ

ሳን ሆሴ የገባሁት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አገር ቤት የተማርኩት አካውንቲንግ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የኮምፒውተር ኬብል መሥራት ነበር። ያኔ ሲሊከን ቫሊ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ከቬትናምና ከፊሊፒንስ ከመጡ ሰዎች ጎን ተቀምጦ አሴምብሊ (ዕቃ መገጣጠም) ይሠራ ነበር። "የፋብሪካ ሥራ" እያሉ የሚያናንቁት አልጠፉም። እኔ ግን ዛሬም ሙያ ነው እላለሁ።

አብዛኛው ትእዛዝ አርኤስ-232 የሚባለው፣ መረጃን አንድ በአንድ በተራ የሚያስተላልፈው ሲሪያል ኬብል ነበር። ባለ 9 ፒኑን ኮኔክተር (ዘጠኝ የብረት እግር ያለውን የኬብሉን መሰኪያ) ማገናኘት ቶሎ ይለመዳል። ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ እንዲነጋገሩ ከተፈለገ 2ኛው ፒን ከወዲያኛው 3ኛ፣ 3ኛው ደግሞ ከ2ኛ ጋር ይሻገራል። አንዱ የላከውን ሌላው እንዲቀበል ነው። 5ኛው ግራውንድ (ቮልቱ ከእሱ አንጻር የሚለካበት የጋራ መስመር) ስለሆነ ከ5ኛ ጋር ቀጥ ብሎ ይገናኛል።

የሚያለፋው ሺልዱ፣ ማለትም የውጭ የኤሌክትሪክ ረብሻ እንዳይገባ የሚከላከለው የብረት ልባስ ነው። የኬብሉን የውጭ ልባስ ስትገፈው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን መዳብ ታገኛለህ፤ ከሥሩ የአልሙኒየም ፎይል አለ። ምላጩ ጠለቅ ካለ የመዳቡ ክሮች ይበጠሳሉ። ጉንጉኑን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ታጥፈውና የኮኔክተሩ የብረት ሽፋን ዙሪያውን ጨብጦ እንዲይዘው ታደርጋለህ። ያስተማረችኝ ቬትናማዊት ወሬ አታበዛም ነበር። እጄን ይዛ ምላጩ የት ላይ መቆም እንዳለበት ታሳየኛለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ታያለች። ባለውለታዬ ናት።

አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተገዙ ኬብሎች እንድናያቸው መጡ። የደንበኛው ማሽን አጠገብ ያለው ሞተር ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ፊደል ይዘበራረቃል አሉ። መልቲሜትር (መስመሩ ከተገናኘ ጢጥ የሚል ቴስተር) አደረግንባቸው። ሁሉም ፒን ጢጥ ይላል፤ እንከን የለም። ሽፋኑን ስንከፍተው ግን ሺልዱ ከሥሩ ተቆርጦ፣ ሲሞቅ የሚኮማተረው ፕላስቲክ በላዩ ላይ አምሮ ተሸፍኗል። ከብረቱ ጋር በምንም አልተገናኘም። ከላይ ሲታይ እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

አርኤስ-232 ላይ ከ3 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭ ማለት ዜሮ፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት ኔጌቲቭ ደግሞ አንድ ማለት ነው። ሁሉም የሚለካው ከአንድ የጋራ ግራውንድ አንጻር ስለሆነ፣ ከውጭ የገባ ረብሻ ምልክቱን ገፍቶ ሊያሳስተው ይችላል። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ችግሩ ይብሳል፤ 15 ሜትር አካባቢ ይበቃል የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሺልዱ በሁለቱም ጫፍ ይታሰር ወይስ በአንዱ የሚለው ክርክር አያልቅም። የሁለቱ ማሽኖች ግራውንድ ከተለያየ በሺልዱ ውስጥ ከረንት ይሄዳል። ስለዚህ አንዳንዱ ትእዛዝ በአንድ ጫፍ ብቻ ይላል። ወሳኙ ድሮዊንጉ (ኬብሉ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ንድፍ) ነው፤ በግምት አይሠራም።

ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ዩኤስቢ ቦታውን ወስዷል። ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚመራ የመቁረጫ ማሽን)፣ ሚዛንና የላቦራቶሪ መሣሪያ ላይ ግን ሲሪያል አሁንም አለ። አዲስ መጥታችሁ ኬብል ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ ስለ አይፒሲ 620 (የኬብል ሥራ ጥራት መስፈርት) ሰርተፊኬት አለቃችሁን ጠይቁ። ወጪውን የሚሸፍን አሠሪ አለ። ኬብሉን ጨርሳችሁ ስትፈትሹ ደግሞ ፒኖቹ ላይ አታቁሙ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በዚህኛው የብረት ሽፋን፣ ሌላውን በወዲያኛው ላይ አድርጉ። ድሮዊንጉ በሁለቱም ይታሰር ካለ ጢጥ ማለት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ካለ ደግሞ ዝም።