አማት፣ ምራትና መድረክ፦ የአዲስ ዓመት መልእክት

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ፣ ወዳጆቼ! ሀገር ቤት ያላችሁም፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ዓውደ ዓመቱን ከሥራ መልስ የምታከብሩትም፣ ዘመኑ የሰላም፣ የጤና፣ ያሰባችሁት የሚሞላበት ይሁንላችሁ።

የዘንድሮው መልእክቴ ስለ ቴአትር ነው፤ በተለይም አፍሪካ ውስጥ ቴአትር ስለጻፉ ሴቶች። ሰሞኑን የጋናዊቷን ደራሲ የአማ አታ አይዱን አንድ ተውኔት ደግሜ ሳነብ የእኛው የዓውደ ዓመት ሰሞን ነገር ሆነብኝ። ከውጭ የመጣ ልጅ፣ ሲጠብቀው የኖረ ቤተሰብ፣ ማንም የማያውቃት ሙሽራ፣ «ታዲያ ልጁ መቼ ነው?» የሚል ዘመድ። በዚህ ወር ቦሌ የወረደም፣ ቦሌ ሄዶ የተቀበለም ታሪኩን ሳያነበው ያውቀዋል።

የተውኔቱን ርእስ በአማርኛ «የሙት መንፈስ አጣብቂኝ» እንበለው። አይዱ የጻፉት የጋና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው ሌጎን ግቢ ውስጥ ታየ፣ በዓመቱ ታተመ። ያውሰን የሚባል ወጣት አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ ለዘመድ ሳይነግር ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ ይመጣል። ዩላሊ ትባላለች። አያቱ «የባሪያ ዘር ቤታችን ገባ» ብላ ታለቅሳለች። እናቱ ኤሲ ኮም ደግሞ እሱን ለማስተማር ያላትን ሸጣ፣ የሌላትን ተበድራ፣ ዕዳው ገና ከራሷ አልወረደም። አንድ ቀን ይህች እናት ቀንድ አውጣ ይዛላቸው ትመጣለች። በዚያ ሀገር ወጥ የሚያሳምር፣ ከፍቅር የሚመጣ ስጦታ ነው፤ ከገጠር ቅቤ ቋጥራ እንደመጣች እናት አስቧት። ዩላሊ ትጸየፈዋለች፤ ስጦታው ይጣላል። ባልና ሚስቱ ደግሞ ልጅ ለጊዜው ይቆየን ብለው ተስማምተዋል። ዘመድ ግን መካን ናት ብሎ መድኃኒት ይዞ ይመጣል። ያውሰን «የተስማማነው ሁለታችን ነን» የምትለዋን አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ነው የአይዱ ትልቅነት የሚታየኝ። በዚያ ዘመን ነፃነቷን ባገኘች አፍሪካ «ዘመናይ ልጅና ኋላ ቀር ቤተሰብ» የሚል ታሪክ ሞልቶ ነበር። ከእንዲህ ያለ ታሪክ አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ እንዲያልቅ እንጠብቃለን። አይዱ ግን መፍትሔውን ለተማረው ልጅ አልሰጡትም። ጠቡ ከፍቶ ያውሰን ሚስቱን በጥፊ እስከ መምታት ሲደርስ፣ እናቱ ልጇን ትገሥጻለች። እንግዳ ሰው ሕግ ቢያፈርስ ያላስተማረው ነው ጥፋተኛው ትላለች። ከዚያ ስጦታዋን የጣለችባትን ምራቷን ደግፋ፣ ለልጇ በተሠራው አዲስ ቤት ሳይሆን በአሮጌው የዘመድ ቤት በር ይዛት ትገባለች። ልጅየው ግቢው መሐል ብቻውን ይቀራል።

እኛ ዘንድ በበዓል ፕሮግራም በሚቀርቡት ጭውውቶች አማት ብዙ ጊዜ ወይ ነገረኛ ናት ወይ መሳቂያ። እየሳቅን እናልፋለን። አንዲት ወጣት ሴት ብዕር ስታነሣ ግን የአማቲቱ ዕዳ፣ ድካምና ፍርድ መድረክ ላይ ወጣ። ሴቶች ሲጽፉ ምን ተለወጠ ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አይዱ ደግሞ ብቻቸውን አልመጡም። ከፊታቸው ኤፉዋ ሰዘርላንድ ነበሩ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ኬፕ ኮስት የተወለዱ መምህርት። ጋና ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ የሙከራ ቴአትር ቡድን አቋቋሙ፤ ቀጥሎም አክራ ላይ የጋና ድራማ ስቱዲዮን ከፈቱ። በኋላ ብሔራዊ ቴአትሩ ሊሠራ ሲል ስቱዲዮው ከቦታው ተነሣ፤ አምሳያው ሌጎን ግቢ ውስጥ ተሠርቶ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከከተማ ወጥተውም አትዊያ በምትባል መንደር ከነዋሪው ጋር የተረት ቤት አሠርተዋል።

የአናንሴን፣ የዚያን ብልጣብልጥ ሸረሪት፣ ተረት ለመድረክ ሲያበቁት፣ ተረቱ ሲነገር የሚደረገውን ሁሉ ይዘው ነው የመጡት። በጋና የአካን ሕዝብ ተረት አድማጩ ዝም ብሎ አይሰማም፤ መሐል ላይ ተራኪውን አቋርጦ ዘፈን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል። በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመው «የአናንሴዋ ጋብቻ» ውስጥ አናንሴ አንዲት ልጁን ለአራት ባላባቶች ቃል ገብቶ ስጦታ ሲሰበስብ ይከርማል። አራቱም በአንድ ሰሞን ሊመጡበት ሲሉ ልጅቷን ሞተች ብሎ ማስለቀስ ይጀምራል፤ የትኛው ከልቡ እንደሚወዳት የሚለየው በዚያ ነው። ይህ ሁሉ በዘፈን እየተቋረጠ ይሄዳል። እንደ መሐመድ ቤን አብደላ ያሉ ከኋላ የመጡ የጋና ጸሐፌ ተውኔቶች የተነሡት ከዚህ መሠረት ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብላችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ሴትየዋ ምን እንዳደረጉ ይገባችኋል።

ወደ አይዱ ልመለስ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመውን «አኖዋ» የተባለ ተውኔታቸውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አኖዋ ወላጆቿን እምቢ ብላ የወደደችውን ታገባለች። ባሏ ነግዶ ሲከብር ባሪያ ይገዛል፤ እሷ ሰው አይገዛም ትላለች፤ ቤታቸው በዚያ ይፈርሳል። በልጅነቷ አያቷን በባሕሩ ዳርቻ ስላሉት ትልልቅ ነጭ ቤቶችና ከዚያ ስለተጫኑት ሰዎች ስትጠይቅ አያት ትቆጣለች፤ ይህ አይጠየቅም ትላታለች። ሌሊት ልጅቷ ሕልም ታያለች፦ ግዙፍ ሴት ሆናለች፣ ከሆዷ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ይፈስሳል፣ ከባሕር የመጡት ደግሞ እየያዙ ይጥሏቸዋል። አኖዋ የጠየቀችው የባሕር ዳርቻ ባሪያ ይጫንባቸው የነበሩት የኬፕ ኮስትና የኤልሚና ምሽጎች ዛሬም የቆሙበት ነው። ኬፕ ኮስት የሰዘርላንድ የትውልድ ከተማ ናት፤ አይዱም እዚያ ተምረዋል። ሀገራቸው ነፃነቷን እያከበረች ሳለች «እኛስ ሸጠን አልነበረም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ድፍረት እንደሚፈልግ አስቡት።

ናይጄሪያዊቷ ዙሉ ሶፎላም አሉ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው ተውኔታቸው ያለፈቃዷ የተዳረች፣ ባሏ ሲሞት ከሐዘኑ ሳትወጣ ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ያረገዘችን ሴት መድረክ ላይ አቁመዋል። ታንዛኒያዊቷ ፔኒና ሙሃንዶ ተውኔቶቻቸውን በስዋሂሊ ጻፉ፤ የፈለጉት ተመልካች ስዋሂሊ ተናጋሪው ነበራ።

የእኛዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከሁሉም ቀድመው ነው የጀመሩት። ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ፋሺስትን ታግለው፣ ጣሊያን ውስጥ አዚናራ ደሴት ታስረው ተመልሰው፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ሆኑ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ትምህርት ቤት ሳሉ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ያጫውቱ እንደነበር ግን ሲነሣ አልሰማም። በከተማው መድረክ የሴቷን ቦታ ወንድ ቀሚስ ለብሶ በሚጫወትበት ዘመን፣ ልጃገረዶቹ የሴትየዋን ቃል በራሳቸው አፍ ይናገሩ ነበር። ሰዘርላንድም መምህርት፣ ስንዱም መምህርት፤ ሁለቱም ለልጆች መጻፍን እንደ ትንሽ ሥራ አላዩትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ኩራትም ቁጭትም ይይዘኛል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእናቶቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ መካከል ያኔ መነን ትምህርት ቤት የተማሩ ካሉ፣ ዛሬ ሰማንያውን ሳይዘልቁ አይቀሩም። ቡናው ሲፈላ ጠይቁልኝ። ምን ተጫወቱ? ማን ማንን ሆኖ? ወይዘሮ ስንዱ ልምምድ ላይ እንዴት ነበሩ፣ ይቆጡ ነበር? ቃለ ተውኔቱን የሚያስታውሱ ካሉ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅዱት፤ ፎቶ ካለም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ጭምር አንሡት። የደረሰኝን ሁሉ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጋር እዚሁ አወጣዋለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት! ለእናቶቻችሁ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።