የጃፓንን ምሽትና የጃፓንን ቤት እንዴት እንዳየሁ

ጃፓን ደርሶ ቤተ መቅደሱንና ፈጣኑን ባቡር ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። የአገሩ ሰው ከሥራ ወጥቶ የሚያመሸው የት ነው? ቤቱስ ምን ይመስላል? እኔ ሁለቱን ለየብቻ ነው ያየኋቸው፤ በሥራ ቀን መጠጥ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ። በሥራ ቀን ብዙ አባወራ አምሽቶ ስለሚገባ ራት ላይ የምታገኙት እናትና ልጆችን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ምሽቱን የማቅደው ከመጨረሻው ባቡር ተነስቼ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው። ቶኪዮ ውስጥ አብዛኛው መስመር ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አልፎ ይቆማል፤ የሚጀምረው ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ነው። ባቡር የምትቀይሩ ከሆነ የሁለተኛውን መስመር የመጨረሻ ሰዓት እዩ፤ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ነው። ታክሲ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት 20 በመቶ ይጨምራል። በር ላይ «25:00» ተጽፎ ብታዩ አትደናገሩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሰዓት ከዚያው ምሽት ጋር ይቆጥሩታል፤ በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ነው።

ለመጀመሪያ ምሽት የሚሻለው ኢዛካያ ነው፤ መጠጥና ትንንሽ ምግብ አብሮ የሚቀርብበት ቤት። ስትቀመጡ እርጥብ ፎጣ ይሰጣችኋል፤ ለእጅ ነው፣ ፊት አይጠረግበትም። ከዚያ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። ኦቶሺ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 500 የን ሂሳቡ ላይ ይገባል። የመቀመጫ ዋጋ ስለሆነ አትጨቃጨቁበት። በአንድ ዋጋ የፈለጉትን ያህል የሚጠጣበት ኖሚሆዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የመጨረሻው ትዕዛዝ ግን ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ከአንድ ጠረጴዛ ሁሉም ካልገባበትም ብዙ ቤት አይቀበልም። ለራሳችሁ አትቅዱ፤ ለጎረቤታችሁ ቅዱ፣ እሱ ለእናንተ ይቀዳል። ቲፕ የለም፤ ትታችሁ ብትወጡ አስተናጋጁ ገንዘባችሁን ይዞ ተከትሎ ይሮጣል።

ቶኪዮ ሺንጁኩ ያለው ጎልደን ጋይ ከ200 በላይ ጠባብ ባሮች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ብዙዎቹ ከአስር ሰው በላይ አይዙም፤ የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። ዋጋው በር ላይ ካልተጻፈ ጠይቃችሁ ግቡ። በዙሪያው ባለው የምሽት መዝናኛ ሰፈር፣ ካቡኪቾ ውስጥ ግን አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ደላላ ተከትላችሁ የትም አትግቡ። መንገድ ላይ ደንበኛ መጎተት የተከለከለ ነው፤ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ያስጠነቅቃል። «ርካሽ ነው» ተብሎ የተገባበት ቤት ሲወጡ ሂሳቡ በአሥር ሺዎች የን ሊሆን ይችላል።

አሳማ የማይበላ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። የቶንኮትሱ ራመን (ፓስታ መሰል ምግብ) ሾርባ የአሳማ አጥንት ቅቅል ነው፣ ጊዮዛም (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ምግብ) በአብዛኛው አሳማ አለበት፣ የዶሮ ጥብስ ቤቱም በእንጨት የተሰካ የአሳማ ሥጋ ይቀላቅላል። «ቡታ» የምትለዋን ቃል ያዙ፤ አሳማ ናት። በጾም ቀን ዓሣ ለማይበላ ችግሩ ዳሺ ነው፤ ሚሶ ሾርባውም የተቀቀለው አትክልትም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በደረቅ ዓሣ ውኃ ነው። ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ የሚወጣ ዳሺ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ቤተሰብ ለማየት ወዳጅ ከሌላችሁ ሚንሹኩ እደሩ፤ ቤተሰብ ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ነው፣ ራትና ቁርስ አብሮ ይመጣል። ለስጦታ የእኛን ቡና እመርጣለሁ፤ ተቆልቶና ለማጣሪያ ወረቀት እንዲስማማ መካከለኛ ተፈጭቶ። እዚያው እንቆላለን ብላችሁ አታስቡ፤ በየቤቱ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ። ቋንጣ ደግሞ ጨርሶ አትያዙ፤ የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት የሌለው ሥጋ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።

በር ላይ ጫማችሁን አውልቃችሁ ከፍ ወዳለው ወለል ውጡ፤ በካልሲ ታችኛውን አትርገጡ። ጫማውን አፍንጫው ወደ በሩ አዙራችሁ አስቀምጡ። የቤቱ ነጠላ ጫማ ታታሚ (የሣር ምንጣፍ ወለል) ላይ አይወጣም፤ ሽንት ቤት ደግሞ የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፤ ረስቶ በሱ ሳሎን መግባት የእንግዳ ሁሉ ፈተና ነው። ማዕድ ላይ ጉርሻ ያምረናል፤ ግን በመመገቢያ እንጨት ይዞ ከሌላው እንጨት ጋር መቀባበል ነውር ነው፤ ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ አጥንቱን የሚያነሳው እንዲህ ነው። እንጨቱን ሩዝ ላይ አቁሞ መትከልም ለሙት የሚደረግ ነው። ወሬ አታጡም፤ አዛውንት ካሉ በ1964 እ.ኤ.አ. እዚያው ቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ራሳቸው ያነሱላችኋል።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው መታጠቢያው ነው። ገንዳው ለመታጠቢያ አይደለም፤ ለመሞቂያ ነው። ከገንዳው ውጭ ዝቅተኛው መቀመጫ ላይ ተቀምጣችሁ በሳሙና ታጠቡ፣ አረፋው ሙልጭ ብሎ እስኪሄድ ተለቃለቁ፣ ከዚያ ግቡ። ውኃው 40 ዲግሪ አልፎ ስለሚሞቅ ቀስ በሉ። ፎጣ አትንከሩ፤ ስትወጡ መውረጃውን አትክፈቱ፣ ክዳኑን መልሱ። እንግዳ ቀድሞ ስለሚገባ መላው ቤተሰብ ከእናንተ በኋላ የሚሞቀው በዚያው ውኃ ነው፤ በማግስቱ ልብስ የሚያጥቡበትም አሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ሳታውቁ አትንኩ፤ አንዱ ወጥ ቤት ድረስ የሚጮህ መጥሪያ ነው።

በብርዱ ወራት የሚሞቀው የተቀመጣችሁበት ክፍል ብቻ ነው፤ ኮሪደሩ ይበርዳል፣ ወፍራም ካልሲ ያዙ። ካደራችሁ ፉቶኑን (ወለል ላይ የሚነጠፈውን ፍራሽ) በጠዋት አጥፋችሁ ጥግ አስይዙ። በማግስቱ የምስጋና መልእክት ላኩ፤ እንደገና ስትገናኙም ከሰላምታ ቀጥሎ «ላለፈው ጊዜ አመሰግናለሁ» በሉ፤ እነሱ ይጠብቁታል።