ቦምቦሊኖ በኤር ፍራየር፦ መመሪያው ያልነገረኝ

ኤር ፍራየር፣ ያ በትኩስ አየር የሚያበስለው ማሽን፣ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቦምቦሊኖ ያምረዋል። መጀመሪያ ድንች ይሞክራል። ቀጥሎ ዶሮ። ከዚያ ስልኩ ላይ ያ ቪዲዮ ይመጣል፦ ሊጥ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ስኳር፣ አለቀ። ዘይት የለም፣ ጭስ የለም። እኔም የገባሁበት እንደዚህ ነው። ዛሬ ቤታችን ቦምቦሊኖ ከውጭ አይገዛም፤ በዚህም እኮራለሁ። ግን እዚህ እስክደርስ የባከነው ዱቄትና ቅቤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አይባክንም ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆናችሁ ልትሞክሩት ያሰባችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ጀምሩ።

ስለ ማሽኑ ብዙ አልልም። የእኔን እህቴ ከዱባይ ነው የላከችልኝ። የዱባይ ዕቃ በ220 ቮልት አካባቢ ስለሚሠራ ለእኛ መብራት ይስማማል። የሶኬቱ እግር ብቻ ስለሚለይ ጠንካራ አዳፕተር ግዙ፤ ርካሹ ይግላል። ከአሜሪካ ዘመድ «ልላክላችሁ» ካለ ግን አመስግናችሁ እምቢ በሉ። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። «ትራንስፎርመር ይገዛል» የሚሉ አሉ። 1500 ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ነው፤ አያዋጣም። የእንጀራ ምጣድና ኤር ፍራየርም በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ። ሁለቱም ብዙ መብራት ይስባሉ፣ ገመዱ ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል።

ሊጡ ቀላል ነው። ለግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ። ሄል የሚወድ ትንሽ ይጨምርበት። አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ይታሻል። እጅ ላይ ትንሽ ይለጠፋል፤ ተውት። «እስከማይለጠፍ ድረስ ዱቄት ጨምሩ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ለዘይት ጥብስ ያስኬድ ይሆናል። ለኤር ፍራየር ግን ሊጡ ለስለስና እርጥብ ካላለ ከመጀመሪያውም ተበላሽቷል ማለት ነው።

ኩፍ እስኪል መጠበቁ ላይ ሰዓት አትዩ፣ ሊጡን እዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፤ ሊጡን የሚጫነው ነገር ስለሚቀንስ ቶሎ ያብጣል። «አንድ ሰዓት ይጠብቁ» የሚለው የውጭ አሠራር እዚህ በበጋ ብዙ ጊዜ ይበዛል። ክረምት ላይ ደግሞ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ያው ሊጥ ይዘገያል። እጥፍ ሲሆን በቃው። ከዚያ የአንድ ጣት ውፍረት አድርጋችሁ ዳምጡት፣ በብርጭቆ አፍ ቁረጡት፣ መሐሉን በጠርሙስ ክዳን አውጡ። ቀዳዳው ሰፋ ይበል፤ ሲያብጥ ይዘጋልና። እያንዳንዱን ቀለበት በራሱ ቁራጭ የኬክ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ድጋሚ ኩፍ ካለ በኋላ በእጅ ካነሳችሁት ይተነፍሳል፤ ከነወረቀቱ ስታስገቡት ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። በጣት ጫን ስታደርጉት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ጉድጓዱ እንዳለ ከቀረ አልፎበታል፤ ቶሎ አብስሉት።

እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው ይሠራዋል። ችግሩ ያለው ማብሰሉ ላይ ነው።

ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ሰንጠረዥ አለው። ለዳቦና ለመሰል ነገሮች 200 ዲግሪ ይላል። ማሽኑን ቀድሞ ማሞቅ አያስፈልግም ይላል። ዘይት አያስፈልግም የሚለውንማ በካርቶኑ ላይ ሳይቀር በትልቁ ጽፎታል። የተከተልኩት አሠራር ደግሞ አንድ ነገር ጨመረበት፦ የመሐሉ ሙቀት 95 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል። እህቴ ከማሽኑ ጋር የሥጋ ቴርሞሜትር ልካልኝ ስለነበር ይህ እንዲያውም ደስ አለኝ። ልክ ያለው ነገር ይቀላል ብዬ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ማኅበርተኞች ቤታችን ይመጣሉ። የጾም ስለሆነ ወተቱን በውኃ፣ ቅቤውን በዘይት ተካሁ፣ እንቁላሉን ተውኩ። ሊጡ አማረ። ቀለበቶቹም አማሩ። ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ፤ ባለው ዲግሪ፣ ባለው ደቂቃ። ላዩ ቡናማ ሆነ። ቴርሞሜትሩን ወጋሁ፤ 90። መለስኩት። ደግሜ ወጋሁ፤ 91። መለስኩት። ላዩ ይጠቁራል፣ መሐሉ ግን 95 አይደርስም። አሠራሩ ያለው ቁጥር ስላልመጣ ማውጣት ፈራሁ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ቦምቦሊኖ አይደለም። ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ደረቅ፣ ስኳር ሲነሰነስበት ስኳሩ ተንሸራቶ ትሪው ላይ የሚቀር። እንግዶቹ ጨዋ ስለሆኑ ሻይ ውስጥ እየነከሩ በሉት። አንድም ሰው ደግሞ አላነሳም። እንግዳ የተጠራበት ምግብ ተርፎ ሲመለስ ምን እንደሚሰማ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። እሷ በዚያው ዓይነት ማሽን፣ በዚያው አሠራር ሠርታ ቆንጆ ወጥቶላታል። ፎቶም ላከችልኝ። እንዴት ሊሆን ይችላል ብለን ሁለታችንም ግራ ገባን። መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው፤ ሳገኘውም ተናደድኩ። እሷ ያለችው ባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የሊጥ መሐል እርጥበት እስካለው ድረስ ውኃው ከሚፈላበት አያልፍም። 95 ዲግሪ እንዲደርስ መጠበቅ ማለት ውኃው በሙሉ እስኪወጣ መጠበቅ ማለት ነው። ማለትም፣ እስኪደርቅ! የነገረኝን በትክክል ስለፈጸምኩ ነው የተበላሸው። ያንን ቁጥር የሚጽፍ ሰው ከፍታ ላይ የሚኖር አንባቢ እንዳለው አንዴ ቢያስብ ምን ነበረበት? ሕዝቡ ደጋ ላይ የሚኖርበት አገር የእኛ ብቻ አይደለም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታም፣ የኢኳዶሯ ኪቶም አሉ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ 87 ወይም 88 ላይ አውጡ። ከሌላችሁም አትግዙ። ጎኑን ጫን ስታደርጉት እንደ ስፖንጅ ከተመለሰ በስሏል።

ሁለተኛው ጥፋት «ያለ ዘይት» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ማሽኑን ለመሸጥ ነው እንጂ ለሚበላው ሰው አስበው አይመስለኝም። ኤር ፍራየር በስሙ መጥበሻ ይባል እንጂ ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ የሚግል ብረት አለ፣ ከበላዩ ማራገቢያ አለ፤ ትኩስ አየር ያዞራል። ዘይት ውስጥ የገባ ሊጥ በአንዴ ዙሪያውን ይያዛል፣ ይንሳፈፋል፣ ያብጣል። የካፌ ቦምቦሊኖ ወገቡ ላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር የሚመጣው ግማሹ ከዘይቱ በላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። ትኩስ አየር ግን በዚያው ዲግሪም ቢሆን ሙቀት የሚያደርሰው በዝግታ ነው፤ እስከዚያው ማራገቢያው ላዩን እያደረቀው ነው። ሊጡ ሳያብጥ ቅርፊቱ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ማበጥ ቢፈልግም መንገድ የለውም።

ስለዚህ ዘይት ያስፈልጋል። ለአንድ ቦምቦሊኖ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል፤ ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚቀባው። መጀመሪያ ከመግባቱ በፊት ላዩን፣ ጎኑን፣ የቀዳዳውን ውስጥ ጭምር በብሩሽ ትቀባላችሁ። ይህ ላዩ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከወጣ በኋላ ነው፤ ወዲያው፣ እያቃጠለ። የቀለጠ ቅቤ፣ ለጾም ደግሞ ዘይት ቀብታችሁ ስኳር ውስጥ ታገላብጡታላችሁ። ቀረፋ የተቀላቀለበት ስኳር ከሆነ ደግሞ በጣም ይጣፍጣል። ሁሉም እስኪወጣ ብላችሁ አትጠብቁ። ከቀዘቀዘ ስኳር አይዝም።

ሙቀቱ 170 ዲግሪ ይሁን፤ 200 የሚለውን እርሱት። ባዶውን ማሽን ሦስት ደቂቃ አሙቁት፣ መመሪያው አያስፈልግም ቢልም። ቀዝቃዛ ማሽን ውስጥ የገባ ሊጥ እስኪሞቅ ድረስ ንፋስ ብቻ ነው የሚያገኘው። ስታሞቁ ግን ወረቀት ውስጥ እንዳይኖር። ባዶ ወረቀት በማራገቢያው ተነሥቶ የጋለው ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ይቃጠላልም። ከሊጡ ጋር ሲገባ ክብደቱ ይይዘዋል። ሦስት ደቂቃ አብስላችሁ ገልብጡት፣ ወረቀቱን አውጡ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ሙቀቱ ከላይ ስለሆነ ካልተገለበጠ ሥሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አታጭቁ፤ በመካከላቸው አየር ይለፍ። ትንሹ ማሽን አራት ይይዛል፤ አራት ብቻ አስገቡ።

የጾሙ ግን ይህን ሁሉ አድርጌም በቂ አልሆነልኝም። እንቁላልና ቅቤ የሌለው ሊጥ ቶሎ ይደርቃል። መፍትሔውን የሰጡኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ዳቦ ሲጋግሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ድንች ቀቅለሽ ጨምሪበት፤ ድንች ውኃ ይይዛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 150 ግራም የተቀቀለና በደንብ የተፈጨ ድንች፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ስኳሩና እርሾው እንደ ፊተኛው። ለብ ያለውን ውኃ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ጀምሩና እያያችሁ ጨምሩ፤ ድንቹም የራሱ ውኃ አለው። የድንች ጣዕም አይሰጥም። ለስላሳ ነው፣ ማታም ለስላሳ ነው። አሁን እውነቱን ልናገርና፣ ከፍስኩ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። በሚቀጥለው ማኅበር ይዤው ሄጄ ትሪው ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

እንግዳ ድንገት ከመጣስ? የእርሾ ጊዜ ከሌለ በእርጎ ይሠራል። 200 ግራም ዱቄት፣ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ስኳርና ጨው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ የወፈረ 200 ግራም እርጎ። የእኛ እርጎ ቀጭን ስለሆነ ሳይጠለል ከገባ ሊጡ ይፈሳል። ቶሎ ለውሱት፣ ብዙ አትሹት፣ ዘይት ቀብታችሁ በዚያው በ170 አብስሉት። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሻይ ላይ ይቀርባል። ግን ይህን ቦምቦሊኖ ብዬ አልጠራውም። እንደ ኬክ ይፈረፈራል፣ ትኩሱን ካልተበላም ዋጋ የለውም።

መብራት ሊጡ ኩፍ እያለ ከጠፋ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና በሩን አትክፈቱ። ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፣ ሊጡም ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ማሽኑ ውስጥ እያለ ከጠፋ ግን አውጥታችሁ ባለ ጋዝ ምድጃ ላይ፣ ክዳን ባለው መጥበሻ፣ በትንሽ ዘይት ጨርሱት።

የተረፈውን ስኳር ሳታደርጉበት ላስቲክ ውስጥ አስሩት። በማግስቱ በ160 ዲግሪ ሁለት ደቂቃ አሙቁት፣ ቅቤውንና ስኳሩን ያኔ ቀቡት።